የአቡነ አረጋዊን ጽዋ ለልጅ ልጃቸው ያስረከቡት የአቶ ማንደፍሮ መልአኩ የሕይወት ታሪክ

አቶ ማንደፍሮ ከአባታቸው ከአቶ መልአኩ ተሰማ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ማናለብሽ ዓለሙ በሐምሌ ወር 1946 ዓ.ም. ደባርቅ ተወለዱ። ፊደል የቆጠሩት በደብር ነው፤ ሁለተኛ ደረጃን ጎንደር ጨርሰው፣ በመምህርነት ሠልጥነው፣ በትውልድ ከተማቸው አማርኛ አስተማሩ። በ1970 ዓ.ም. በሱዳን በኩል ተሰደው ከሦስት ዓመት በኋላ ኔዘርላንድስ ገቡ።

በደቡብ ሮተርዳም፣ ዙይድ በሚባለው ሰፈር፣ ኑሮ እንደጀመሩ በ1974 ዓ.ም. ከወይዘሮ የትነበርሽ አስፋው ጋር ተጋብተው በዓመቱ ልጃቸውን ኤልናታንን ወለዱ። ከጥቂት ቤተሰቦች ጋር ሆነውም በየወሩ በ14 የሚጠጣ የአቡነ አረጋዊ ጽዋ ማኅበር መሠረቱ። በማኅበሩ ቀን ደች እንዳይነገር የከለከሉት እሳቸው ነበሩ፤ ልጆቹ ቋንቋቸውን እንዳያጡ ብለው ነው። ልጆቹ ግን መሳሳት ፈርተው ዝም አሉ፤ ካደጉም በኋላ ቀሩ። ኤልናታንም ቀረ። ማኅበሩ የሽማግሌዎች ብቻ ሆነ።

አቶ ማንደፍሮ ጡረታ እስኪወጡ የሠሩት ዴንሃግ ባለ አንድ የአየርላንዶች መጠጥ ቤት ማድቤት ውስጥ ነው። አብራቸው የምትሠራው ኖራ የምትባል የአየርላንድ ሴት ነበረች። በአገሯ በቅዱስ ፓትሪክ ቀን ባለ ሦስት ቅጠሉን ተክል ደረታቸው ላይ ሰክተው ቤተ ክርስቲያን እንደሚሄዱ ትነግራቸው ነበር። እሳቸውም ቅዱስ ፓትሪክ እንደ አቡነ አረጋዊ ከሌላ አገር የመጡ ጻድቅ መሆናቸውን ሲሰሙ ወደዱት። ቀኑ በዐቢይ ጾም ውስጥ ስለሚውል ድሮ ጾሙ ለዚያ ቀን ይላላ ነበር ስትላቸው ግን ይህን በጭራሽ አልተቀበሉም።

አንድ ቀን ኖራ ወደ አሜሪካ ስለተሰደዱት ወገኖቿ አጫወተቻቸው። አሜሪካኖች አስመሳይን ነገር "ፎኒ" የሚሉት ቀለበት ከሚለው የአየርላንድ ቃል የመጣ ነው ይባላል፤ አታላዮች የተለበጠ ቀለበት ወርቅ ነው እያሉ ይሸጡ ስለነበር ነው። "ቃላችን አሜሪካ መንገድ ላይ ይዞራል፤ ብዙዎቹ የልጅ ልጆቻችን ግን የኛ መሆኑን አያውቁም" አለቻቸው። አቶ ማንደፍሮ ቤት ሲመለሱ ለወይዘሮ የትነበርሽ "የኛዎቹ የኛ መሆኑን ያውቃሉ፤ ያስቀራቸው የኔ ክልከላ ነው" አሉ። በሚቀጥለው ማኅበር ላይ ቆመው ክልከላቸውን ራሳቸው አነሱ። ልጆቹን አንድ በአንድ እየደወሉ "በምትችሉት አፍ ኑ" አሏቸው። ኤልናታን ባለቤቱን ውድነሽን ይዞ መጣ። ትምህርት ቤት ያልገባችውን ምራታቸውን በየሳምንቱ ፊደል አስቆጠሯት፤ ይህን ታሪክ የጻፈችውም እሷ ናት።

በ2014 ዓ.ም. የልጅ ልጃቸው ሐምራዊት፣ ያኔ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ፣ በማኅበሩ መካከል ተነስታ "አያቴ፣ ቮልኸንደ ማንድ እኛ ጋ ይሁን፤ ጽዋውን ስጠኝ" አለች። የሚቀጥለው ወር ማለቷ ነበር። ዛሬም እዚህ ያሉት የማኅበሩ አባል አቶ ተካልኝ "ግማሹ አልገባኝም። ደግሞ ለአያት ስጠኝ ይባላል?" አሉ። አቶ ማንደፍሮ "ተካልኝ፣ ስንት ዓመት ሙሉ ከልጆቻችን ጽዋ የጠየቀን አልነበረም። አንቱታው ቀስ ብሎ ይደርሳል" ብለው ጽዋውን በእጇ ሰጧት። ከዚያ ወዲህ ሮተርዳም አጠገብ ባለችው በካፔለ አን ደን አይሰል፣ በወላጆቿ ቤት፣ ተራዋ ሲደርስ ቀርታ አታውቅም።

አቶ ማንደፍሮ በ2017 ዓ.ም. የጉበት ሕመም ሲገኝባቸው ለሐኪሞቻቸው በወር በ14 ቀጠሮ እንዳይያዝላቸው ነገሩ። መቆም ሲያቅታቸውም በተሽከርካሪ ወንበር ሜትሮ ተሳፍረው ወደ ማኅበሩ ሄዱ። መስከረም 20 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ71 ዓመታቸው በቤታቸው ዐረፉ።

ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውን፣ ምራታቸውን እና የልጅ ልጃቸውን ትተው ሄደዋል። የሚመጣውን የጥቅምት አቡነ አረጋዊ የምታወጣው ሐምራዊት ናት። ዝክሩ አይቋረጥም፤ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ፤ አማርኛ አልሞላላቸውም ብላችሁ ቤት አትተዋቸው።

የአቡነ አረጋዊ አምላክ የአባታችንን ነፍስ በማያልቀው ማኅበሩ ያስቀምጥልን፤ ለእኛም በጀመሩት የምንጸናበትን ጉልበት ይስጠን። አሜን።