የእንድሪስ ዝውውር

ቅዳሜ

ዛሬም የለም። ከአስራ አንዱም ከተቀያሪዎቹም የለም። የስም ዝርዝሩን ሦስት ጊዜ ከላይ እስከ ታች አየሁት። አባዬ "የት ቦታ አሰለፉት?" ሲለኝ አፌ ቀድሞኝ "ግራ መስመር" አልኩት።

ወንድሜ እንድሪስ ባንግላዴሽ ፕሪሚየር ሊግ የሚጫወት የመጀመሪያው የሐይቅ ከተማ ልጅ ነው፤ ምናልባትም የመጨረሻው። ሰፈሩ ሁሉ የእንግሊዝን ኳስ ሲያይ የኛ ቤት የባንግላዴሽን ያያል። ያያል ማለቴ፣ እኔ አያለሁ፣ አባዬ ይሰማል። ዓይኑ ከጠፋ ሁለት ዓመቱ ነው። እዚህ ስድስት ሰዓት ሲሆን እዚያ ጨዋታ ይጀመራል፤ የስፌት መኪናዬን አቆምና ስልኩን መሀላችን አስቀምጬ ኳሱ የት እንዳለ እነግረዋለሁ። እንድሪስ ጉልበቱን ተጎድቶ ከሜዳ ከራቀ ይኸው አምስተኛ ሳምንቱ። "ለአባዬ እንዳትነግሪው" ስላለኝ የሌለ ሰው አምስት ሳምንት አጫወትኩ። ባለፈው ሳምንትማ ኳሱን አግዳሚ አስመታሁት፤ አባዬ እስከ መግሪብ ሲቆጭ ዋለ።

ዛሬ ከጨዋታው በፊት ተጫዋቾቹ ክንዳቸው ላይ ጥቁር ጨርቅ አስረው መሀል ሜዳ ቆሙ። ሰው ሞቶባቸው ይሆናል ብዬ አለፍኩት፤ ለአባዬም አልነገርኩትም። ጨዋታውን የሚያስተላልፈው ሰውዬ በቋንቋቸው ሲናገር ግን አባዬ ክንዴን ጨብጦ ያዘኝ።

"ስሙን ጠራ። እንድሪስ አለ። ኢንቲቃል አለ። ባባ አለ፣ ዱዓም አለ።"

አባዬ ዕድሜውን ሙሉ ኪታብ ለደረሶቹ ሲያስቀራ፣ ሲያስተምር የኖረ ሰው ነው። "ኢንቲቃል መዘዋወር ነው፣ ከቦታ ወደ ቦታ። ልጄ ክለብ ቀየረ" አለኝ። ቤንጋሎቹ እስላሞች ስለሆኑ ዐረብኛ ጣል ጣል ያደርጋሉ፤ አመንኩት። ክለቡ ወራጅ ቀጠና ውስጥ ነው፣ ከዚያ ቢወጣ ማን ይጠላል? ጉልበቱ የታመመ ልጅ ማን ይወስዳል የሚለው የመጣልኝ ዘግይቶ ነው።

ተሸነፍን። አባዬ ግድ አልሰጠውም።

እሑድ

አባዬ ሱብሂ ላይ መስጊድ ተናግሮ መጥቷል። ከጠዋት ጀምሮ "እንኳን ደስ ያላችሁ" ነው። ቀሚስ ልታሰፋ የመጣች ሴትዮ ሳትቀር የት ቡድን ገባ አለችኝ። ትልቅ ቡድን አልኳት።

የሚያስጨንቀኝን ልጻፈው። የእንድሪስ ስልክ ከሐሙስ ጀምሮ ዝግ ነው። የክለቡ ገጽ ላይ ፎቶው ወጥቷል፣ ሥሩ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ አልችልም። ፎቶው ጥቁርና ነጭ ነው። አባዬ ደግሞ ሐሙስ የምስጋና ዱዓ ላስደርግ ብሎ ሰው መጥራት ጀምሯል።

ደስ ያለኝ አንድ ነገር፦ አባዬ ዛሬ ሳይለመን በላ።

ሰኞ

ውጫሌ ሄድኩ፣ ከድጃ ጋ። ክርና ቁልፍ የምገዛው ከሷ ነው። ኩዌት ስድስት ዓመት ሩቢና ከምትባል የባንግላዴሽ ሴት ጋር አንድ ቤት ተቀጥራ ሠርታለች፤ ቋንቋውን ከሷ ለምዳለች። የአዲሱን ክለብ ስም ትነግረኛለች ብዬ የቅዳሜውን ቪዲዮ ከፈትኩላት።

ሰማች። መልሳ ሰማች። ከዚያ "እስኪ ቁጭ በይ" አለችኝ።

"ኢንቲቃል እነሱ ዘንድ ሞት ነው። የሩቢና እናት ያረፉ ጊዜ በዚሁ ቃል ነው የነገሯት።"

እንድሪስ ሞተ ብዬ ሱቁ ወለል ላይ ወደቅሁ። ከድጃ ትከሻዬን ይዛ ትነቀንቀኛለች። "አብሽሪ፣ ልጨርስልሽ እንጂ። 'እንድሪሰር ባባ' ነው የሚለው፣ የእንድሪስ አባት። ወላሂ የሞተው እንድሪስ አይደለም። አባትሽ ሼህ ሙሄ ናቸው።"

"አባዬማ ጠዋት ጫማዬን አቀብይኝ ሲል ነው ትቼው የመጣሁት" አልኳት። ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ እኔ ማልቀስ ጀመርኩ፣ ማቆምም አቃተኝ።

ቤት ስደርስ ሟቹ ደጅ ላይ ፀሐይ ይሞቃል። "የቡድኑ ስም ማን ሆነ?" አለኝ። ኔትወርክ የለም አልኩት።

ማክሰኞ

ተናድጃለሁ፤ ለካ እንድሪስ ነው የዋሻቸው። "አባቴ ይሙት" ብሎ መማል ሌላ ነው፤ እሱን የማይል የለም። አባቴ ሞተ ብሎ አገር ማስለቀስ ግን ምን ይሉታል? ደግሞም እፈራለሁ። አፍ የጠራውን አላህ እንዳይሰማው።

ከሰዓት በማላውቀው ቁጥር ተደወለ። እንድሪስ ነው። ደሴ አልጋ ተከራይቶ ተቀምጧል፣ ከቅዳሜ ጀምሮ። አንድ ሚኒባስ ነው የሚለየን።

"ጉልበቴ አበቃለት እትዬ። ከእንግዲህ ኳስ የለም አሉኝ። ወደ አገሬ ልሂድ ስላቸው ሲዝኑ ሳያልቅ አንለቅህም አሉ። አባዬን ማየት አማረኝ። ምን ብል ይለቁኛል? አባቴ ሞተ አልኳቸው።"

ልሰድበው አፌን ከፍቼ ነበር። እሱ ግን አላቆመም። "ቡድኑ በሙሉ ክፍሌ መጥቶ አለቀሰልኝ። አሰልጣኙ እጄን ይዞ ቁርአን ቀራልኝ። እኔም የእውነቴን አለቀስኩ። አሁን በየትኛው ፊቴ ልየው?"

ስልኩን ዘግቼ ልብስ ልሰፋ ሞከርኩ። እጅጌውን ገልብጬ ሰፋሁት።

ረቡዕ

ነገ ዱዓ ነው። ሰው ቤት ሞልቶ "እንድሪስ የት ገባ?" ከማለቱ በፊት መንገር ነበረብኝ። ከዙህር በኋላ ነገርኩት። የጉልበቱን ነገር፣ የቃሉን ነገር፣ ደሴን፣ ሁሉንም። እኔ አምስት ሳምንት ያጫወትኩትንም።

አስጨረሰኝ። ከዚያ እንዲህ አለኝ፦ "ለሞተ ሰው ኢንተቀለ ኢላ ረሕመቲላህ ይባላል፤ ወደ አላህ ራህመት ተዘዋወረ። ለደረሶቼ ስንት ጊዜ አስቀርቼዋለሁ። ልጄ ላይ ሲሆን መልካሙን ብቻ ሰማሁ።"

"ተጫዋቾቹ ቆሙልኝ?" አለ።

"ሜዳው በሙሉ። አንድ ደቂቃ፣ ዝም ብለው።"

"የማያውቁኝ ሰዎች" አለ፣ እንባውም ወረደ። አባቴ ሲያለቅስ ያየሁት እናቴ የሞተች ጊዜ ብቻ ነው። እጁን ልይዘው ስል ግን ሰበሰበው። "እሱ አንድ ቀን ዋሸ። አንቺ በየሳምንቱ" አለኝ። እውነቱን ነው። ይህን ስጽፍ እንኳ ያመኛል።

ሐሙስ

አባዬ ጠዋት ቁርስ አልነካም። ሰዎቹ ሲመጡ በሩ ላይ ራሱ ቆሞ "ተሳስቼ ነው፣ ዝውውር የለም። እኔ ኪታብ እንጂ ቤንጋልኛ አልቀራሁም" አላቸው። ያን ሁሉ ዘመን ቃል ሲፈታላቸው የኖረ ሰው። አንገቴን ደፋሁ። አንዳቸውም ክፉ አልተናገሩም፤ ዱዓ አድርገው ሄዱ።

ከዚያ ፊቱን ወደ እኔ ሳያዞር "ደውዪለት" አለኝ። "የሞተ ሰው አይቆጣም በይው።"

እንዳለኝ አልኩት። እንድሪስ ዛሬውኑ እመጣለሁ አለኝ።

ከስምንት ሰዓት ጀምሮ መናኸሪያ ቆምኩ። ሁለት ሚኒባስ ከደሴ መጣ፣ የለም። ፈርቶ ቀረ አልኩ። በሦስተኛው፣ አስር ሰዓት አልፎ፣ በዱላ እየተደገፈ ወረደ። ከስቷል። በባጃጅ ወሰድኩት።

አባዬ ከተቀመጠበት አልተነሳም። እንድሪስ እግሩ ሥር ሊንበረከክ ሲል ጉልበቱ አልታጠፍ አለው፤ ሕመሙን ዋጥ አድርጎ አጠገቡ ተቀመጠ። አባዬ ፊቱን ዳሰሰው፣ ትከሻውን፣ ከዚያ ወደ ታች ወርዶ ያበጠውን ጉልበት አገኘው።

"ይሄን ነው የደበቃችሁኝ" አለ። ለኔ ደግሞ፣ "ውሃ አሙቂ። ጨው ጨምሪበት።"

"አባዬ፣ አፉ በለኝ፣ ይቅር በለኝ" አለው እንድሪስ።

ውሃውን ጥጄ ከበሩ ሆኜ ጠበቅሁ። አፉ ብዬሃለሁ አላለውም። እጁን ግን ከጉልበቱ ላይ አላነሳም።