በሕመም ምክንያት

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? ሕፃኗስ ጥርስ ማብቀሉ ቀለል አለላት? እኛ ደህና ነን። እናትሽ የላክሽላትን ሹራብ እጅጌው ቢረዝምባትም አጥፋ ትለብሰዋለች፤ “ልጄ ቁመቴን ረሳችው” እያለች ለጎረቤት ሁሉ ታሳያለች። እኔም ከስኳሬ በቀር ምንም አልል። ስኳር እንደ አማት ነው፤ ካከበሩት ቤት አይበጠብጥም።

ይህን ደብዳቤ በፖስታ ያልላክሁት በምክንያት ነው። ያመጣልሽን ሰው ስሙን አትጠይቂው፤ አብልተሽ ሸኚው።

ያንቺ ደብዳቤ አሥራ አንድ ቀን ኪሴ ውስጥ ኖረ። ባልሽ “ገዥዎችን ሰው የሚያስገድላቸው ሃይማኖት ነው” ሲል፣ አንቺ “አጎቴን የገደሉት ፈጣሪ የለም ያሉት ናቸው” ብለሽው ተኳርፋችሁ እንደሰነበታችሁ ጽፈሻል። በመጪው ወር በስደተኞቹ ማኅበር ስብሰባ ላይ ስለ አጎትሽ ልትናገሪ ነው። “አባዬ፣ ሁለቱንም መንግሥት እዚያው እስር ቤት ሆነህ ያየህ አንተ ነህ። ፍረድና ጻፍልኝ፤ ቆሜ አነበዋለሁ” ብለሻል። እኔን ዳኛ ማድረግሽ ሥጋን ለጅብ አደራ መስጠት ነው። ለምን እንዲህ እንዳልኩ ስታነቢ ይገባሻል።

ሥራዬን ድሬሰር ነው ከማለት በቀር ነግሬሽ አላውቅም። የእስር ቤቱ ክሊኒክ አንድ ክፍል ነው፤ ሁለት አልጋ፣ አንድ መታጠቢያ፣ ግድግዳ የሚያሳይ አንድ መስኮት። በሩ የሚከፈተው ከውጭ ብቻ ነው። ቁስል አጥቤ አሽጌ ስጨርስ አንኳኩቼ እስኪከፈትልኝ እቀመጣለሁ፤ እስረኛውም እኔም አብረን እንጠብቃለን። ጠዋት በር ላይ መታወቂያዬን ይቀበሉኛል፣ ስወጣ ይመልሱልኛል። የጡረታ ጊዜዬ ካለፈ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ምትክ እስኪገኝ ይሉኛል፤ ምትክ ሲፈልጉ ግን አላየሁም።

አጎትሽን ያመጡት የዛሬ ሠላሳ አንድ ዓመት ነው። በልብስ ስፌት ሱቁ ውስጥ ሰዎች ሰብስቦ ሲጸልይ ያዙት። ያኔ ክሊኒኩ ግድግዳ ላይ “ሰው የራሱ ፈጣሪ ነው” ተብሎ በቀይ ቀለም ተጽፎ ነበር። መርማሪው ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው ስለሆነ ለስላሳው እንለው ነበር። ለስላሳው አጎትሽን የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሁለተኛ አልጸልይም ብለህ ፈርም። አጎትሽ አልፈርምም አለ።

እኔ ዘንድ ሲመጣ እግሩ እግር አይመስልም ነበር። መርፌ ሳዘጋጅ አይቶ ሳቀ፤ ስንት ዓመት ጨርቅ በመርፌ ስወጋ ኖሬ ዛሬ ዕዳዬን ልከፍል ነው አለኝ። ከዚያ እህቴ እንዳታውቅ ብሎ ለመነኝ። በሦስተኛው ቀን አረፈ።

ለስላሳው ወረቀት ይዞ መጣ። “በሳንባ ሕመም ምክንያት” ይላል። ይህ የሚፈልገው የሐኪም እንጂ የድሬሰር ፊርማ አይደለም አልኩት።

“ሐኪሙ ፈርሟል” አለኝ። “አንተ የሟቹ እህት ባል አይደለህም? ቤተሰብ ከፈረመ ማን ይጠይቃል?”

አንቺ የአራት ዓመት ልጅ ነበርሽ፤ ኩፍኝ ይዞሽ ተኝተሽ ነበር። ይህን ምክንያት ብዬ አልጽፈውም፤ የዚያን ቀን ያሰብኩት ግን አንቺን ነው። ፈረምኩ። ሬሳውን ሰጡን። ለእናትሽ ሳንባው ነው አልኳት። ኋላ አብረውት የታሰሩት ተፈትተው እውነቱን ሲነግሩሽ፣ አባቴም ተታልሎ ነበር ብለሽ አዘንሽልኝ። እኔም ዝም ብዬ ታዘነልኝ።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት እነዚያ ፈጣሪ የለም ያሉት ወደቁና ፈጣሪን የሚጠሩት መጡ። እስር ቤቱ አንድ ቀን ሙሉ ባዶውን ዋለ። አለቀስኩ። ቀዩ ጽሑፍ በኖራ ተቀባ፤ በላዩ የተቀደሰ ቃል ተጻፈበት። በሁለተኛው ወር ክፍሎቹ መሙላት ጀመሩ። በሦስተኛው ወር ለስላሳው ጢም አሳድጎ ተመለሰ። አሁን ምርመራ የሚጀምረው በጸሎት ነው።

አስመሳይ ነው እንዳትዪኝ። እኔም በመጀመሪያ እንደዚያ ብዬ ተጽናንቼ ነበር። ግን ሲጸልይ እንባው ሲወርድ አይቻለሁ። ያኔም የእነዚያን ቀይ መጽሐፍ ሲያነብ ከልቡ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ከልቡ ነው፤ እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው። ያኔ ታሪክ ይዳኘኛል ይል ነበር፣ ዛሬ ፈጣሪ ይዳኘኛል ይላል። እዚህ ያለ ሰው፣ ያቺ የወንድሟን ሬሳ የተቀበለች እህት፣ ልትጠይቀው እንደምትችል ግን ያኔም ዛሬም አልታየውም።

ባለፈው ወር የሒሳብ መምህርሽን አመጡት። አዎ፣ ክፍልፋይ ያስተማረሽን። አንድ ተማሪ ለፈተና ጸሎት ይረዳ እንደሆነ ሲጠይቀው፣ እኔ የማውቀው ጥናት ሲረዳ ነው ብሎ መለሰ፤ ወሬው እነሱ ዘንድ ደረሰ። አምኛለሁ፣ ተጸጽቻለሁ ብለህ ፈርም አሉት። ለስላሳውን “ሳላምን አምናለሁ ብዬ ብፈርም የምዋሸው ፈጣሪህን ነው፤ እንዴት ትፈቅድልኛለህ?” አለው። ይህን የነገረኝ ራሱ ነው፣ እግሩን ሳጥበው። እግሩ የአጎትሽ እግር ነበር። ሌላ ምን ብዬ እንደምገልጽልሽ አላውቅም። ልጅህ ዛሬም የቤት ሥራዋን የምትሠራው ደወል ሊደወል ሲል ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

ሐሙስ ዕለት አረፈ። ወረቀቱ መጣ፤ “በልብ ሕመም ምክንያት”። ጡረታ ልውጣ አልኩት። ለስላሳው ትከሻዬን ዳሰስ አድርጎ፣ ልጅህ በስብሰባ ልትናገር ነው አሉ አለኝ። እንዴት እንዳወቀ አልጠየቅሁትም።

“ጥሩ ነው” አለ። “ከሐዲዎቹ የሠሩትን ዓለም ይስማው። ያየኸውን ጽፈህ ብትልክላት እኛም ደስ ይለናል። ፖስታውን እኛ እንልክልሃለን።”

የመምህርሽን ወረቀት ፈረምኩ፣ ልጄ። ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጥተውኝ ላንቺ ጻፍ ያሉኝንም እዚያው ጻፍኩ። ስለዚህ በቅርቡ በፖስታ የሚደርስሽ ሁለተኛ ደብዳቤ አለ። የእጅ ጽሑፉ የእኔ ነው። ስለ አጎትሽ የሚለው ሁሉ እውነት ነው፤ ጸሎቱ፣ እግሩ፣ ቀዩ ጽሑፍ። መምህሩ የለበትም፤ እኔ መፈረሜም የለበትም። ያንን ብታነቢ ያጨበጭቡልሻል፤ እኛም እዚህ በሰላም እናድራለን። ይህንን ብታነቢ ምን እንደሚሆን አንቺም ታውቂዋለሽ።

ፍረድ ላልሽኝ መልሴ ይህ ነው። አጎትሽን አልፈርምም ያሰኘው እምነቱ ነው፤ መምህሩን አልፈርምም ያሰኘው አለማመኑ ነው። እኔ ግማሽ አማኝ ነበርኩ፣ ሁለቴም ፈረምኩ። ለባልሽም ይህን ንገሪው። የትኛውን አንብቢ ማለት ግን አቃተኝ። አንቺን ከዚህ አገር ያወጣሁሽ ከዚህ ክፍል እንድታመልጪ ነበር፤ ይኸው ራሴ በሩን ዘጋሁብሽ።

ትናንት ምሳ ላይ ለእናትሽ ሁሉንም ነገርኳት። ማንኪያዋን አስቀመጠች።

“ወንድሜን ያጠብኩት እኔ ነኝ” አለችኝ። “እግሩን አይቻለሁ። ወረቀቱ ላይ ያለውንም ፊርማ አውቀዋለሁ። መቼ ትነግረኝ ይሆን እያልኩ ነው የኖርኩት።”

ሠላሳ አንድ ዓመት ስለ ሥራዬ አንድም ቀን ያልጠየቀችኝ አክብራኝ ይመስለኝ ነበር። የትኛውን ታንብብ ብላት፣ ልጃችን ትልቅ ሰው ናት ብላ ሾርባዋን ጨረሰች። አሁንም ከአጠገቤ ተቀምጣለች።

ልመርቅሽ ብዬ ቃል አጣሁ፤ የማውቃቸውን ሁሉ ለስላሳውም ይላቸዋል። እናትሽ ግን እንዲህ ብለህ ጻፍ ትላለች፦ ክፉ አይንካሽ፣ ልጅሽ ትደግልሽ፣ በቤትሽም በደጅሽም ለምን ብሎ የሚጠይቅሽ ሰው አትጪ።

አባትሽ