የሰብሃት የዝናብ ልብስ

ዝማሬ፣

ይህን የምጽፍልሽ አፋር በረሃ ላይ፣ ከመኪናው ጥላ ሥር ተቀምጬ ነው። ሰብሃት ከመሞቱ በፊት ያዘጋጀውን የጉዞ ዝርዝር ምንም ሳልቀንስ ይዤ መጣሁ። ድንኳን ስንተክል ሾፌራችን ሐመዱ ወረቀቱን አይቶ አንብብልኝ አለኝ። የዝናብ ልብስ፣ ቦቲ ጫማ፣ ድንኳኑን የሚሸፍን ላስቲክ፤ ውሃ ግን አንድ ጀሪካን ብቻ፣ "መንገድ ላይ ከምንጭ እንሞላለን" ይላል። ሐመዱ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ደግነቱ እሱ ውሃ በበርሜል ጭኗል።

"ይሄ ሰው የት አገር ነው የሚኖረው?" አለኝ። ቦንጋ አልኩት። ከጅማ ወዲያ አልፎ እንደማያውቅ፣ ማንኪራ ጫካ ስንወርድ በየእርምጃው ውሃ እንደምንሻገር፣ በቡና ለቀማ ሰሞን እንኳ ዝናብ እንደማይለቀን ነገርኩት። "ታዲያ ለምን አልመጣም?" ሲለኝ ግን መሞቱን መናገር አቃተኝ። ሥራ ይዞት ነው አልኩት። አመነኝ። "ለከርሞ ሲመጣ ዝርዝሩን አብረን እንጽፋለን በለው" አለኝ።

ቦታ አለቀብኝ። አዲሱንና ጋሽ ወልደሥላሴን ሳሚልኝ። ለሰብሃት እናት ለእትዬ ተሾመች፣ ያዋሱኝን የዝናብ ልብሱን እንደምመልስላቸው ንገሪያቸው። አንድ ጠብታ አልነካውም።

ፍቃዱ