ስለ ጋሽ መሰላል ኅልፈትና ከእንግዲህ ስለሚቀረው የአጃቢነት ልማዳችን

የአሳንሰር ጥገና ሠራተኞች የሩጫ ማኅበር፣ መሥራች አባሉና የጥገና ክፍሉ ዋና ቴክኒሻን የነበሩት፣ ሁላችንም «ጋሽ መሰላል» የምንላቸው ባልደረባችን ባለፈው ወር በተካሄደው የከተማው ማራቶን ላይ ሲሮጡ በድንገት ከዚህ ዓለም በሞት መለየታቸውን ለአባላቱ፣ ለመሥሪያ ቤቱ ሠራተኞችና ለሚያውቋቸው ሁሉ የሚያስታውቀው በከባድ ሐዘን ነው።

ይህ መግለጫ ሦስት ሳምንት ዘግይቷል። መጀመሪያ የተዘጋጀው ጽሑፍ ግማሽ ገጽ የማይሞላ ነበር፤ ትጉህ፣ ቅንና ብርቱ እንደነበሩ ገልጾ፣ ለቤተሰቡ መጽናናትን ተመኝቶ ያበቃል። የኮሚቴው አባላት ቤታቸው ሄደው ለባለቤታቸው ሲያነቡላቸው፣ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ካዳመጡ በኋላ «ይኼ ለማንም ይሆናል። እንዴት እንደሞተ ጻፉት። ወንድሜ እንዲያነበው ነው የምፈልገው» አሉ። ስለዚህ እንደገና ተጽፏል። የባለቤታቸው ወንድም፣ የዕቃ ግምጃ ቤታችን ኃላፊና የማኅበሩ አባል የሆኑት፣ በቅጽል ስማቸው «ፂሞ» የሚባሉት ባልደረባችን ናቸው። ጋሽ ፂሞ በሕይወት አሉ። ይህ መግለጫ ስማቸውን ደጋግሞ የሚያነሣውም ስለዚህ ነው።

ጋሽ መሰላል በጥገና ሥራ ሃያ ስድስት ዓመት አገልግለዋል። ስሙ የወጣላቸው በቁመታቸው ነው፤ ሌላው መሰላል ዘርግቶ የሚደርስበትን አምፖል እሳቸው በእግራቸው ጣት ቆመው ይፈቱታል ይባል ነበር። ሰው አሳንሰር ውስጥ ተይዞ ሲቀር ግን የሚታወቁት በሌላ ነገር ነው። መሣሪያቸውን ከማውጣታቸው በፊት ከተዘጋው በር አጠገብ ወለሉ ላይ ይቀመጡና «ማነው እዚያ? እኔ ነኝ፣ ጠጋኙ። እዚሁ ነኝ፤ አልሄድም» ይላሉ። በውስጥ ያለው ሰው ትንፋሹ እስኪረጋ ድረስ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ሥራው እየጠየቁ ያጫውቱታል። በአንድ ሆስፒታል ውስጥ ተይዘው የቀሩ የልብስ አጣቢ፣ በሩ ሲከፈት «ምነው፣ ጨዋታችንን ሳንጨርስ!» ብለው እንደተቆጧቸው በክፍሉ ሲወራ ይኖራል።

የዛሬ አሥራ አራት ዓመት፣ ደጋግሞ ራሱን ያቆመ አንድ የመሥሪያ ቤት አሳንሰር በጥድፊያ በግድ እንዲነሣ ተደርጎ ሁለት ሰዎች ክፉኛ ተጎዱ። ጋሽ መሰላል በዚያው ሳምንት በእጃቸው አንድ ማስታወቂያ ጽፈው ከጥገና ክፍሉ በር በላይ ሰቀሉ፤ «ራሱን ያቆመ አሳንሰር ምክንያት አለው። ምክንያቱ ሳይገኝ አይነሣም።» ማስታወቂያው ዛሬም እዚያው አለ። ከዚያ ወዲህ ክፍሉ በሚያድሳቸው አሳንሰሮች ሰው አልተጎዳም።

የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ይህን ማኅበር ከስድስት ባልደረቦቻቸው ጋር መሠረቱ። ነገሩ የተጀመረው በሻይ ሰዓት ቀልድ ነው። ጋሽ መሰላል ማራቶንን ከአራት ሰዓት ባነሰ ጊዜ እንደሚጨርሱ ሲናገሩ ጋሽ ፂሞ «አንተ? በዚህ ቁመትህ ነፋስ ራሱ ያስቀርሃል! ከአራት ሰዓት በታች የገባህ ዕለት ይኼን ፂሜን እላጨዋለሁ» አሏቸው። ጋሽ መሰላል «ያኔ እህትህ እንኳ አታውቅህም» ብለው መለሱ። ከዚያ ዕለት ጀምሮ አራት ሰዓት የእሳቸው ሰዓት ሆነ። በሌላ ነገር እልኸኛ አልነበሩም።

የአጃቢነት ልማድም የተጀመረው በዚያው ዓመት ነው። ማራቶን የሮጠ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ከሠላሳ አምስተኛው ኪሎ ሜትር በኋላ የሚደክመው እግር ሳይሆን ሐሳብ ስለሆነ፣ እያንዳንዱ ሯጭ አንድ አጃቢ እንዲመርጥ ተወሰነ። አጃቢው እዚያ ቦታ ጠብቆ እስከ መጨረሻው አብሮ ይሮጣል። በውድድሩ ዋዜማ ሯጩና አጃቢው በጥገና ክፍሉ በር ላይ፣ በአባላት ፊት ይቆማሉ። አጃቢው «በቃኝ ብትለኝስ?» ይላል። ሯጩ «እምቢ በለኝ» ይላል። «ብትለምነኝስ?» «እምቢ በለኝ።» «ብታለቅስስ?» «እምቢ በለኝ!» ከዚያ ጭብጨባ ነው። በዚህ ልማድ ብዙዎቻችን ያሰብነውን ሰዓት አግኝተናል፤ በየዓመቱ አዲስ አባል የሚመጣውም እሱን ሰምቶ ነበር። ይህ ሁሉ ቃል የተገባው ከላይ በተጠቀሰው ማስታወቂያ ሥር ቆመን እንደነበር ያስተዋለ አባል አልነበረም።

ካቻምና ጋሽ መሰላል ከአራት ሰዓቱ በጥቂት ደቂቃ ዘገዩ። አምና ደግሞ ከአንድ ደቂቃ ብዙም በማይበልጥ ጊዜ አመለጣቸው። ጋሽ ፂሞ የመጨረሻውን መስመር አብረዋቸው እንደተሻገሩ ፂማቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው «ለጥቂት ተረፍኩ» ሲሉ የተነሣው ፎቶግራፍ በክፍሉ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይገኛል።

ካለፈው ግንቦት ወር ጀምሮ አንድ ነገር ይታይ ነበር። በሙያችን ሕንፃውን የምንወጣው በእግር ነው፤ የተጠራነው አሳንሰሩ ስለቆመ ነውና። ጋሽ መሰላል ደረጃ ሲወጡ መሀል ላይ ቆም ይሉና፣ ጎንበስ ብለው የጫማቸውን ክር ያስራሉ። በሚቀጥለው ፎቅም ያስራሉ። ከኋላቸው የሚወጣው ሰው «ጋሽ መሰላል፣ ያ ክር ዛሬም አልታሰረም እንዴ?» ሲላቸው «ቁመቴ ረጅም አይደል? እስክደርስበት መልሶ ይፈታል» ይላሉ። ሁላችንም እንስቃለን። ክሩ ተፈትቶ ያየ ሰው ግን ከመካከላችን የለም።

በሐምሌ ወር በመሥሪያ ቤቱ ክሊኒክ ደረታቸውን ያዳመጡት ነርስ ወደ ልብ ሐኪም መሯቸው። ቀጠሮው ከውድድሩ በፊት በነበረው ሳምንት ላይ ዋለ። ከተመረመርኩ አትሩጥ ይሉኛል ብለው በመስጋታቸው፣ ከውድድሩ በኋላ ወዳለው ማክሰኞ አዛወሩት። ባለቤታቸው ሲጠይቋቸው «ሐኪሙ የት ይሄዳል?» ነበር መልሳቸው።

በውድድሩ ዕለት ጋሽ ፂሞ በተለመደው ቦታ ውኃ ይዘው ጠበቁ። ጋሽ መሰላል ሲደርሱ ካሰቡት ሰዓት ቀድመው ነበር። ቀጥሎ የተነጋገሩትን ለኮሚቴው የነገሩት ራሳቸው ጋሽ ፂሞ ናቸው፤ እንዳሉት ሰፍሯል።

«ፂሞ፣ በቃኝ።»

«እምቢ!»

«አልቀለድኩም። በቃኝ አልኩህ።»

«ትናንትም አልቀለድክም። እምቢ ብያለሁ፣ እምቢ! ይልቅ ፂሜ ሊላጭ ነው፣ ና!»

በመንገዱ ዳር የነበርን አባላት ሰምተን ሳቅን፤ አጨበጨብን። ጋሽ መሰላልም ፈገግ ብለው ፍጥነታቸውን ጨመሩ። የመጨረሻው ድልድይ ላይ ሲደርሱ ቆሙና፣ ጎንበስ ብለው እጃቸውን ወደ ጫማቸው ሰደዱ። ጋሽ ፂሞ በላያቸው ቆመው «ያ ክር ዛሬም አልታሰረም እንዴ?» አሏቸው። ጋሽ መሰላል አንድ ጉልበታቸውን አስፋልቱ ላይ አሳረፉ፣ ከዚያ በጎናቸው ተኙ። የሕክምና ባለሙያዎች ወዲያው ደርሰው ብዙ ቢደክሙም ሊያተርፏቸው አልቻሉም። በዚያች ደቂቃ አራት ሰዓቱ እስኪሞላ ገና በቂ ጊዜ ነበር።

ጋሽ ፂሞ በቀብሩ ዕለት የመጡት ፂማቸውን ሙልጭ አድርገው ተላጭተው ነው። ብዙ ሰው መጀመሪያ አላወቃቸውም። እህታቸው አጠገባቸው ቆመው ፊታቸውን ለረጅም ጊዜ አዩና ዘወር አሉ።

ከዚያ በኋላ በነበረው ሳምንት ጋሽ ፂሞ ለኮሚቴው ጥያቄ አቀረቡ። በአጎራባቹ ከተማ የፊታችን እሑድ በሚካሄደው ማራቶን ተመዝግበዋል። በአራት ሰዓት ውስጥ ለመጨረስ አስበዋል። አጃቢ ይሰጠኝ አሉ። ሦስት አባላት ወዲያውኑ እጃቸውን አወጡ፤ በፍቅር እንዳደረጉት እናውቃለን፤ ይህ ነው ያስፈራን። ኮሚቴው በዚያው ስብሰባ የአጃቢነትን ልማድ ሙሉ በሙሉ አስቀርቷል። ከእንግዲህ በማኅበራችን ስም የሚሮጥ ማንኛውም ሰው «በቃኝ» ካለ፣ የሰማው ሁሉ አብሮት ይቆማል። የልብ ምርመራ ያላደረገ አባልም የማኅበሩን መለያ ለብሶ አይሮጥም።

ጋሽ ፂሞ ውሳኔው ሲነገራቸው «ግድ የለም፣ ብቻዬን እሮጣለሁ። እሱ ለመነኝ፣ አላስቆምኩትም። እኔን ማን ያስቆመኛል?» ብለው ወጡ። ወደ ሐኪም እንዲሄዱ ሁለት ጊዜ ተለምነዋል፤ ቀጠሮም የመሥሪያ ቤቱ ክሊኒክ ይዞላቸው ነበር። «ከእሑድ በኋላ» ብለዋል።

ማኅበራችን ለጋሽ መሰላል ባለቤት፣ አባቷን በእያንዳንዱ ውድድር መጨረሻ ላይ ፎጣ ይዛ ስትጠብቅ ለነበረችው ልጃቸው፣ ለጥገና ክፍል ባልደረቦቻቸው፣ በተዘጋ በር ማዶ ድምፃቸውን ብቻ ሰምተው ለሚያስታውሷቸው ሰዎችም ሁሉ ከልብ የመነጨ ሐዘኑን ይገልጻል። ለጋሽ ፂሞም እንዲሁ። የጋሽ መሰላል ባለቤት በመጨረሻ ለኮሚቴው የተናገሩትን በቃላቸው እናስተላልፋለን፤ «ባሌን በጭብጨባ ሸኛችሁት። ለወንድሜ አታጨብጭቡለት።»

ባለፈው ሐሙስ የገበያ ማዕከሉ አሳንሰር ቆሞ ስለነበር፣ ጋሽ ፂሞ መለዋወጫ ዕቃ ይዘው ደረጃውን በእግራቸው ወጥተዋል። አራተኛው ፎቅ ላይ ሲደርሱ ዕቃውን አስቀምጠው፣ ጎንበስ ብለው የጫማቸውን ክር ሲያስሩ አብሯቸው የነበረ ቴክኒሻን አይቷል። በዕለቱ ያደረጉት ጫማ ክር አልነበረውም።

ስለዚህ ይህ መግለጫ የሚደርሰው ሁሉ፣ በደረጃ ላይም ይሁን በመንገድ፣ በሥራ ቀንም ይሁን እሑድ፣ ጋሽ ፂሞን ጎንበስ ብለው ካገኛቸው እንዳይቀልድ፣ እንዳያበረታታቸውም እንለምናለን። መሬት ላይ አብሯቸው ይቀመጥ። «እዚሁ ነኝ፤ አልሄድም» ይበላቸው።

የአሳንሰር ጥገና ሠራተኞች የሩጫ ማኅበር
ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ