ለራሕሞ ሰርግ የተጀመረው አልጋ ልብስ

ሀርጌሳ፣ 31 ሜይ ሰፈር
ኅዳር 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውዴ ኢዘዲን፣

አሰላሙ ዓለይኩም። አላህ ጤናህን ጠብቆ፣ የሪያድን ሥራ አቅልሎ ያቆይልኝ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ እንዲያውም በጣም ደህና ነኝ። ደብዳቤ የምጽፍልህ ጎረቤታችን የሱፍ በሪያድ አድርጎ ለዑምራ ስለሚሄድ አደርስልሻለሁ ብሎኝ ነው። ደግሞም በስልክ አንድ ነገር ስጀምርልህ «ሥራ ላይ ነኝ፣ እደውላለሁ» ትልና ትዘጋዋለህ። ወረቀት አይዘጋም፤ ዛሬ እስከ መጨረሻው ትሰማኛለህ።

ባለፈው «ያን ሁሉ ጅምር የእጅ ሥራ ለሰው በትኚና ጅማ እናቴ ዘንድ ግቢ፤ እዚያ ብቻሽን ምን ትሠሪያለሽ?» አልከኝ። ምን እንደምሠራ ልንገርህ።

እንደ አክስት «ኤዶ» የምንላት የአከራያችን የዴቆ ልጅ ራሕሞ ተዳረች። ኤዶ ዴቆ ገና ቀደም ብላ ለሙሽሮቹ የዳንቴል አልጋ ልብስ እንድሠራ አዝዛኝ ነበር። ታውቀኛለህ፤ ክሩን ሳይ እጄ አላስቀምጥ አለኝ። መሐሉ እንደተከፈለ ሮማን፣ ዙሪያው ቅጠል የሆነ አበባ ከራሴ አውጥቼ ሠራሁ። ራሕሞ ስታየው ዘላ አቀፈችኝ። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ያንኑ አበባ እየደጋገሙ ሠርቶ መግጠም ነው። እኔ ደግሞ አንዱ ካማረልኝ በኋላ ሌላው ምን አዲስ ነገር ይነግረኛል? ጥቂት ሠርቼ የመጋረጃ ጥልፍ ጀመርኩ። መጋረጃው ግማሽ ሲደርስ አንድ የዶቃ ቦርሳ በሕልሜ መጣብኝ። አንተም ብትኖር መሳቅህ አይቀርም ነበር።

በዚህ መሐል ሙሽራው ከኖርዌይ ሲመጣ እረፍቱ አጠረበትና ሰርጉ ቀደመ። ኤዶ ዴቆ ክፍሌ ገብታ የሠራኋቸውን አበቦች አልጋዬ ላይ ደረደረቻቸው። ከትራሱ አላለፉም።

«ዘኪያ፣ ልጄን ትራሷን ብቻ አልብሼ ልዳራት?»

«ይደርሳል ኤዶ፣ አላህ ያደርሰዋል።»

«አላህማ ያደርሰዋል፤ አንቺ ነሽ የማታደርሺው! በዘመዶቼ ፊት በዚህ ጉድ ካዋረድሽኝ ክፍሉን ለሌላ ሰው ነው የማከራየው።»

ኤዶ ዴቆ ስትቆጣ ቀልድ እንደማታውቅ ታውቃለህ። ክፍሉን ካጣሁ የሚቀረኝ ያው አንተ ያልከው ጅማ ነው። ግቢው ውስጥ ጥላው ሥር ቁጭ ብዬ ኪሮሼን አነሳሁ፤ አንዱን ስሠራ እሳሳታለሁ፣ እፈታለሁ፣ እንደገና እሠራለሁ። ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ለኤዶ ዴቆ ልብስ የምታጥብ ሀምሴ የምትባል ሴት አለች። ከከተማው ዳር ካለው የተፈናቃዮች ሰፈር፣ ከአያሃ ነው የምትመጣው። ጅግጅጋ ስላደገች አማርኛዋ ከእኔ አያንስም። ልብስ እያሰጣች ስታየኝ ቆየችና አጠገቤ መጥታ ቁጢጥ አለች።

«እኔም ልጅ ሆኜ ተምሬው ነበር» አለችኝ። «ግን መጀመሩ አይሆንልኝም። መሐሉ ይጣመምብኝና እተወዋለሁ። አንዴ መልክ ከያዘልኝ ግን የሚያስቆመኝ የለም።»

«የእኔ ደግሞ መሐሉ ያምርና ዙሪያው ይቀራል።»

ሁለታችንም ሳቅን። ሳቃችን ሲያልቅ ተያየን። አንዱን መሐል ሰጠኋት፤ ቅጠሎቹን አንድ ሁለቴ አሳየኋት። ያሰጣችው ልብስ ሳይደርቅ አበባውን ሞልታ መለሰችልኝ።

በማግስቱ ከሰፈሯ ሁለት ሴቶች ይዛ መጣች። እኔ መሐሉን አወጣለሁ፣ እነሱ ዙሪያውን ይሞላሉ፤ ሀምሴ ትገጥማለች። ኢዘዲን፣ መሰልቸት የሚባል ነገር ሳላይ ዋልኩ! እጄ ሁልጊዜ መጀመሪያው ላይ ነበር። ሲተርፈኝ ለዳርቻው ሌላ ጌጥ ፈጠርኩለት።

የሰርጉ ዋዜማ አልጋው ተነጠፈ። ኤዶ ዴቆ በመዳፏ ዳሰሰችው፣ ጫፉን ገልብጣ ጀርባውን መረመረች።

«ማሻአላህ» አለች በመጨረሻ። «ምን ይቀረዋል?»

«ምንም አይቀረውም፣ ኤዶ» አልኳት። ይህን ቃል አፌ አያውቀውም ነበር፤ ወደድኩት።

ሰርጉ ላይ ያዩ ሴቶች «ለእኛም» እያሉ መጡ። ኤዶ ዴቆ ራሷ መንገድ ዳር ያለችውን ክፍል መሥሪያ እንድትሆነን ለቀቀችልን። አሁን ባጃጅ በሩ ላይ ሲቆም ደንበኛ መጣ ብለን ነው የምንነሳው። ጅምሮቼን ሁሉ ከጆንያ አወጣኋቸው፤ መጋረጃው ተጨርሶ ሄደ፣ ቦርሳውም ሄደ። ስለዚህ ጅማ አልገባም። ለእናትህ ደውዬ ነግሬያቸዋለሁ፤ «ያዋጣሽ፣ ልጄ» ብለው መርቀውኛል። አንተም በዚህ አትቀየመኝ። ሥራ ካለ እዚህም አለ፤ ቤትህም እዚሁ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ቀረ። የሪያድ ብርድ አጥንት ይገባል ስትለኝ የጀመርኩልህ ሰማያዊ ሹራብ፣ አንድ እጅጌ ጎድሎታል። ሀምሴ ከጆንያው ሥር አገኘችውና «ስጪኝ፣ እስከ ነገ እጨርሰዋለሁ» አለችኝ። ከእጇ ወሰድኩባት። «ባልሽ መቼ ነው የሚመጣው?» ስትለኝ ስለ ክሩ ቀለም አወራኋት። ጎረቤታችን የሱፍም ሹራቡን አደርሳለሁ ብሎ ነበር፤ እንቢ አልኩት። እጅጌ በግምት አይሠራም፤ ክንድህ ላይ ለክቼ ነው የምጨርሰው።

አላህ ከክፉ ይጠብቅህ፤ እግርህን ወደ ቤትህ ያቅናልህ።

ባለቤትህ
ዘኪያ