ምክንያት፦ አልተጠቀሰም

ግንቦት 5፣ ሰኞ፣ ጠዋት 3 ሰዓት

ሁለት ስልክ አንስቻለሁ። አንዱ ከሞጣ፣ አንዱ ከደብረ ወርቅ። ምንም አልጻፍኩም። ከዛሬ ጀምሮ የሚጽፈው ሲስተሙ ነው። ስልኩ ሲዘጋ ንግግሩን ራሱ ይገለብጣል፣ ያሳጥራል፣ የደንበኛው ፋይል ውስጥ ይከታል። የኔ ሥራ «አጽድቅ» የምትለዋን መጫን ብቻ።

አንተ ደብተር የተገዛኸው ለስልክ ማስታወሻ ነበር። ቢቸና፣ እዚህ የሒሳብ ቢሮ ውስጥ፣ ስምንት ዓመት እንዳንተ ያሉትን ስሞላ ኖርኩ። አሁን ሥራ ፈትተሃል። ሁለት ሥራ ፈቶች እንጫወት ብዬ ወሰድኩህ።

ሲስተሙን ሊተክል ከባሕር ዳር የመጣው ባለሙያ፣ ሰው ደውሎ ወደ ጉዳዩ እስኪገባ ስንት ደቂቃ ይፈጃል አለኝ። ሦስትም አራትም አልኩት። ጤናው፣ ከብቱ፣ ዝናቡ፣ ጎረቤቱ። ሳቀ። እንግዲያው ሰላምታውን ከማጠቃለያው እንቁረጠው? ቁረጠው አልኩ። አለቃዬ ጋሽ ይበልጣል ደስ አላቸው። (ከዚህ በኋላ ጋ/ይ። እጄ ሰንፏል።)

እኔ ደስም አላለኝም፣ አልከፋኝም። እናቴ ኅዳር ላይ ካረፈች ወዲህ እንዲህ ነኝ።

ግንቦት 8፣ ሐሙስ፣ ከሰዓት

አፌ ብቻውን መሥራት ለምዷል። እንዴት ነሽ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ቤተሰቡስ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ዓይኔ መስኮቱ ላይ ነው። አንድ ሰውዬ ድርብ ፍራሽ ባጃጅ ላይ ሊጭን ይታገላል። ፍራሹ ይወድቃል፣ ያነሳል፣ ይወድቃል። ስልኩን ስዘጋ ማን እንደደወለ ለማወቅ ስክሪኑን አያለሁ።

ያርፋል ሰው እንዲህ። እውነቴን ነው።

ግንቦት 14፣ ረቡዕ

የሞጣው ጨርቅ ነጋዴ ሐጂ ሰይድ ደወሉ። አሮጌ ደንበኛ፣ አባት የሚባሉ ሰው። ሲስተሙ እንዲህ ብሏል፦ «ደንበኛው ሐሙስ ሰነድ ይዘው አይመጡም። ምክንያት፦ አልተጠቀሰም።» አጽድቅ።

ጥቁሩ ሻሼ ዳር ዳሩን ተተርትሯል። ያሰሩልኝ የሐጂ ባለቤት ወ/ሮ ዘይነባ ናቸው። ለእናቴ ለቅሶ ባልና ሚስት ከሞጣ ድረስ መጡ። ወ/ሮ ዘይነባ ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ ተቀምጠው እጄን ይዘው ዋሉ። ሲነሱ ከራሳቸው ሱቅ ያመጡትን ሻሽ አሰሩልኝ። ዓመቱ እስኪወጣ አላወልቀውም።

መስፋት አለብኝ። ነገ።

ግንቦት 19፣ ሰኞ፣ 5 ሰዓት

ሲስተሙ በስሜ ለሐጂ መልእክት ልኮላቸዋል። ሰነዱን በአስቸኳይ፣ ምናምን። መልስ የለም። ደወልኩ። ልጃቸው አነሳች። ሐጂን አገናኚኝ አልኳት። እሷ፦

«አባቴ እኮ ነግሮሽ ነበር። እማዬን በቀበርን ማግስት።»

ዘጋችው።

ወዲያው ስክሪኑ ላይ መጣ። «ስለ ሰነድ አልተነጋገሩም።» ማጽደቂያዋ ቁልፍ ትጠብቀኛለች። አልተጫንኩም።

ያው ቀን፣ 8 ሰዓት

የዚያ ቀን ስልክ የድምፅ ቅጂ አለ። ወር ሳይሞላ አይጠፋም። ሁሉም ምሳ እስኪወጡ ጠብቄ አዳመጥኩት።

የሐጂ ድምፅ ቀስ ያለ ነው። እንዴት ነሽ ልጄ፣ በረታሽ ወይ፣ ዝናብ ጣለ ወይ። እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ከዚያ እሳቸው፣ በዚያው ድምፅ፦ «ትናንት ዘይነባን ቀበርናት።»

እኔ፦ «እግዚአብሔር ይመስገን። ልጆቹስ ደህና ናቸው?»

ከዚያ ሐሙስ መምጣቱ ይቅር አሉኝ። እሺ አልኳቸው።

ሦስቴ ሰማሁት። ድምፄ የኔ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ደስ ባለኝ። አፈርኩ ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ቃሉ ያንሳል።

ለጋ/ይ ነገርኳቸው። ደነገጡ፣ ማተባቸውን ነካ ነካ አደረጉ። ከዚያ ስልክ አንስተው እዚያው ፊቴ ሐጂን አጽናኗቸው። ነፍስ ይማር፣ እኛ እኮ አልሰማንም፣ ማሽኑ ነው የዘለለው፣ እሑድ እኔ ራሴ እመጣለሁ። ሐጂ ይሁን አሉ መሰለኝ። ጋ/ይ ዘግተው፣ አለቀ፣ አንቺም እንደዚሁ በይ አሉኝ። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። ሊሸፍኑኝ ነው።

ማሽኑም እኮ ዘሏል። ዝለል ያልኩት ግን እኔ ነኝ። ያን ቀን ጆሮ የነበረኝም እኔ።

ግንቦት 20፣ ማክሰኞ

«አርም» የምትል ቁልፍ አለች። እስከ ዛሬ ነክቻት አላውቅም። የሐጂን ፋይል ከፈትኩና ጻፍኩ፦ «ባለቤታቸውን ወ/ሮ ዘይነባን መቅበራቸውን ነግረውኛል። አልሰማሁም። እግዚአብሔር ይመስገን አልኳቸው።» በስሜ አጸደቅኩ።

ጋ/ይ አዩት። ይህ የደንበኛ ፋይል ነው፣ አጥፊው አሉ። ይቆይ አልኩ። በስምንት ዓመት እምቢ ስላቸው የመጀመሪያዬ ነው። አዩኝ፣ አዩኝና ወደ ክፍላቸው ገቡ።

ቅዳሜ ሞጣ እሄዳለሁ። አትግቢ ቢሉኝስ? ከበር ቢመልሱኝ እውነት አላቸው። ለቅሶዬን የደረሱ ሰው ናቸው።

ሻሹን ሰፋሁት።

ግንቦት 24፣ ቅዳሜ፣ 12 ሰዓት

ተመልሻለሁ። እንዳይጠፋብኝ ልጻፈው።

ሞጣ 5 ሰዓት ደረስኩ። ስኳርና ሻይ ቅጠል ይዤ። በሩን የከፈተችው ያችው ልጅ ናት። ሻሼን አየችው። ግቢ አለችኝ።

ሐጂ ፍራሹ ላይ ተቀምጠዋል። ከስተዋል። መንገድ ሙሉ ያጠናሁትን ጀመርኩ፤ ሐጂ፣ አዲስ ሲስተም አስገብተን ሰላምታውን እየቆረጠ... አቆምኩ። አላስኬደኝም።

«ሲስተሙ አይደለም፣ ሐጂ። ስልኩን የያዝኩት እኔ ነኝ። አልሰማሁዎትም።»

«አውቃለሁ» አሉ። መቁጠሪያቸውን እያዩ። «ስልኩን ዘግቼ ለልጆቹ፣ ይቺ ልጅ እናቷን ገና አልቀበረችም አልኳቸው። ዘይነባም ያኔ ካንቺ ለቅሶ ስንመለስ፣ አላለቀሰችም፣ እፈራላታለሁ ብላኝ ነበር።»

ልጅቷ ሻይ አመጣች። እስከ 8 ሰዓት ተቀመጥኩ። ወሬ የለም። ሰው ይገባል፣ ይወጣል። ልሄድ ስነሳ ሐጂ ዝናቡን ጠየቁኝ። ቢቸና ጣለ ወይ አሉ። በደንብ አሰብኩና መለስኩ፤ ሐሙስ ትንሽ ጥሏል አልኩ።

መኪናው ደብረ ወርቅ ሲደርስ ጀመረኝ። መጀመሪያ ዓይኔ ብቻ። ከዚያ ድምፄ ወጣ፣ ላቆመው አልቻልኩም። ረዳቱ ዘፈኑን አጠፋ። አጠገቤ ያሉት ሴትዮ፣ ማን ሞተብሽ ልጄ አሉኝ። እናቴ አልኩ። መቼ ብሎ የጠየቀኝ የለም። መኪናው ሙሉ ነፍስ ይማር አለ። ሴትዮዋ እስከ ቢቸና እጄን አልለቀቁም።

ዓይኔ አብጧል። ርቦኛል፤ ከስንት ጊዜ በኋላ።

ነገ ለሐጂ እደውላለሁ። በራሴ ስልክ። የምጠይቃቸው ሰነድ የለም።