እጅህ አልዛለም

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፤

እንደምን ከርመሃል? ጉልበትህስ? ብርድ ሲነካው ይቆረጥምሃል ሲሉ ከሰማሁ ወዲህ፣ አየሩ በቀዘቀዘ ቁጥር አንተን አስባለሁ። ባለቤትህስ ደህና ናት? ልጆችስ? የእንጨት ሥራ ቤቱስ? ትልቋ ልጅህ ቁመቷ ትከሻህን አለፈ አሉ። መልኳም የእናቷ ነው አሉ፤ እሰይ! አፍንጫዋ አንተን ቢመስል ኖሮ ጥፋቱ በከፊል የእኔ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ያጣመምኩት እኔ ነኝና።

እኔ ደህና ነኝ። ደረጃ ካልወጣሁ እንዲያውም በጣም ደህና ነኝ። ያላረጀው ድምፄ ብቻ ነው። ያኔ ጂም ውስጥ «የእሱስ ምላሱ ከቡጢው ይፈጥናል» እያላችሁ ስትስቁብኝ፣ በዚያችው ምላስ ቤት እንደማስተዳድር ማን ገመተ?

ለአንተ ደብዳቤ ስጀምር ይህ አምስተኛዬ ነው። አራቱን ቀድጃቸዋለሁ። ሰላምታው ላይ ጎበዝ ነኝ፤ ከሰላምታው በኋላ ያለው ነው የሚያቅተኝ። ለስንትና ስንት ሺህ ሰው ሳልተነፍስ የምለፈልፍ ሰው፣ ለአንድ ሰው መጻፍ ሲሆን እጄ ይተሳሰራል። ዛሬ ግን የመጣው ይምጣ ብዬ ወንበር ስቤ ተቀምጫለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሆነውን ሳትሰማ አትቀርም። ወሬ ግን ሲሄድ እየወፈረ ነውና ከባለቤቱ አፍ ስማው።

እኔና የሥራ ጓደኛዬ ግጥሚያውን የምናስተላልፍባት ክፍል ከአዳራሹ በላይ ያለች፣ ሁለት ወንበርና ሁለት ማይክ ብቻ የምትይዝ ጠባብ ክፍል ናት። ጓደኛዬን «ነጎድጓድ» ነው የምንለው። ሲናገር ሰሚው ሁሉ ደንቆሮ ይመስለዋል። ልቡ ቅቤ የሆነ፣ ደግ ሰው ነው። ችግሩ፣ በዕድሜው አንዴም ኬጅ ውስጥ፣ ከሽቦ አጥሩ ወዲያ፣ ገብቶ አያውቅም፤ ሰው በካልቾ ሲመታ የሚሰማውን ድምፅ እንጂ ሕመሙን አያውቀውም።

ጎረቤቴ ነርስ ናት። ሁልጊዜ ትጠይቀኛለች፦ ሁለት ሰው በሽቦ አጥር ውስጥ ተዘግቶበት ሲደባደብ ማየት ምኑ ደስ ይላል ትለኛለች። እኔም የምመልስላት አንድ ነው፦ ድብድብማ በየመንገዱ አለ። ቅይጥ ማርሻል አርት ሰው መደበቂያ የሚያጣበት ስፖርት ነው። ቡጢ ብቻ ብታውቅ ሰውዬው እግርህን አንስቶ ይጥልሃል፤ ትግል ብቻ ብታውቅ ሳትደርስበት በእርግጫ ይመልስሃል። ቦክሰኛ ሲወድቅ ዳኛው ቆሞ ይቆጥርለታል፤ እኛ ዘንድ ግን መውደቅ የሥራው ግማሽ ነው። እኔ ቡጢውን አላይም፤ እሱን ተመልካቹ ራሱ ያየዋል። እኔ የማየው እግሩን ነው፣ አተነፋፈሱን ነው፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ያኛው ከተጎዳ በኋላ ይኼኛው ምን ያደርጋል የሚለውን። የሰው ጠባይ እዚያች ላይ ትገለጣለች። ይህን ዓይን የሰጠኝ ያው የእኔና የአንተ አሰልጣኝ፣ ጋሼ ናቸው፤ ነፍሳቸውን ይማርና።

ቅዳሜ ዕለት የተጋጠሙት ሁለት ሴቶች ነበሩ። አንደኛዋ የከተማ አውቶብስ ሾፌር ናት፣ ሌላዋ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ። በሦስተኛው ዙር፣ ሊያልቅ አርባ ሰከንድ ሲቀረው፣ ሾፌሯ አስተማሪቱን ምንጣፉ ላይ ጥላ ክንዷን ቆለፈችው። ታውቀዋለህ መቼም፤ ሁለት እግር ደረት ላይ፣ ክንድ በሁለት እጅ ተይዞ ወደ ኋላ ሲለጠጥ። ክርኑ ከልኩ አለፈ። አስተማሪቱ ጥርሷን ነክሳ አልሸነፍም አለች። ሾፌሯ አንገቷን አዙራ ዳኛውን ጮኻ ጠራችው፤ ዳኛው በወዲያኛው በኩል ቆሞ ስለነበር የሚያየው ጀርባ ብቻ ነው። አንድ ሳብ ብታደርገው ክንዱ ይሰበራል፣ ዋንጫው የእሷ ነው። ለቀቀቻት። አስተማሪቱ አፈትልካ ተነሳች፤ በነጥብም አሸነፈች።

ነጎድጓድ ይህን ጊዜ ጠረጴዛውን ደበደበው። አዛኝ ልብ ያላት ሴት ቤቷ ትቀመጥ፣ ተፋላሚ ሆኖ ርኅራኄ ምን ይባላል እያለ ጮኸ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረና፣ አንተ ሻምፒዮን የነበርክ ሰው ነህ፣ ንገረን እስቲ፣ የአንተ ተጋጣሚ ቢሆን እንዲህ ይለቅህ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

ወንድሜ፣ በእኛ ሥራ ሦስት ሰከንድ ዝምታ ዕድሜ ነው። እኔ ከዚያ አለፍኩ። የስርጭቱ አዘጋጅ በጆሮ ማዳመጫዬ፣ ማይክህ ተበላሸ እንዴ፣ ተናገር እንጂ አለችኝ። እኔም ተናገርኩ። ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት፣ በፍጻሜው ግጥሚያ፣ አንድ ሰው ክንዴን እንዲሁ ቆልፎት እንደነበር፣ መስበር ሲችል እንደለቀቀኝ፣ የሻምፒዮንነቱን ቀበቶ የወሰድኩት እሱ ስለለቀቀኝ እንጂ ስላሸነፍኩት እንዳልሆነ ተናገርኩ። «እጁ ዛለ» ብዬ በሬዲዮ የተናገርኩት ውሸት ነው አልኩ። እጅህ አልዛለም ነበር አልኩ። ነጎድጓድ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እንዴ» አለ።

የቀረውን አንተም ታውቀዋለህ፤ ግን አንዴ በራሴ እጅ ጽፌው ይውጣልኝ።

ያን ቀን ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ግድግዳ ተደግፌ ቁጭ ብዬ፣ መጥተህ እስክትጮህብኝ ነበር የምጠብቀው። መጣህ። ፊትህ አብጦ ነበር። ክንዴን በሁለት እጅህ ይዘህ ክርኔን ዳበስክና «አልተሰበረም፤ ግን ለጊዜው ከባድ አታንሳበት። እማማን ነገ እኔ እመጣና አነሳቸዋለሁ» አልከኝ። ይኸው ነው። ከአልጋዋ ራሷ መውረድ የማትችለውን እናቴን ማለትህ ነበር።

አንተ ወጣህ፣ የሬዲዮው ጋዜጠኛ ገባ። ከዚያ ቁልፍ እንዴት አመለጥክ ብሎ ማይኩን አፌ ላይ ደቀነው። እኔም፣ ጠበቅኩት፣ ጉልበቱን ጨርሶ እጁ እስኪዝል ጠበቅኩት፣ እጁ ሲዝል ወጣሁ ብዬ ተረኩለት። እንዴት አድርጌ እንደተረኩት! እኔ ራሴ አመንኩት። ከሦስት ወር በኋላ ጣቢያው ግጥሚያ ማስተላለፍ ሲጀምር፣ ያ «እጁ ዛለ» ያለው ልጅ ይፈለግ ተባለ። የዛሬው ሥራዬ የተተከለው በዚያች ቃል ላይ ነው።

ቃሏን ሰምተሃታል። በማግስቱ ጠዋት መጥተህ እማዬን ከአልጋዋ አቅፈህ መስኮቱ ሥር ያለው ወንበር ላይ ስታስቀምጣት፣ የጎረቤቱ ሬዲዮ ያንኑ ይደግም ነበር። ፊትህን አየሁት፤ አልተለወጠም። ትራሷን አስተካክለህ፣ ብርድ ልብሱን እግሯ ላይ ጣል አድርገህ ሄድክ። በማግስቱም መጣህ። ክንዴ እስኪድን አሥራ አንድ ቀን ሙሉ አንድም ጠዋት አልቀረህም። በአሥራ ሁለተኛው ቀን እኔ አነሳኋት፤ አንተም ከዚያ ወዲያ አልመጣህም። ከጂምም ቀረህ። ጓንትህን ጋሼ ዘንድ ጥለህ መጋዝ ያዝክ።

እማዬ ትጠይቀኝ ነበር። ያ ልጅ ምነው ቀረ፣ ተጣልታችሁ ነው ወይ ትለኛለች። አልተጣላንም፣ ተጋጥመን አሸነፍኩት አልኳት። እሷም «ታዲያ የምታፍረው አንተ ለምንድን ነው?» አለችኝ። በቀብሯ ዕለት ከሁሉም ቀድመህ መጥተህ፣ ከሁሉም ኋላ ሄድክ፤ እጄንም ጨበጥከኝ። ያኔ መናገር ነበረብኝ። ሰው ብዙ ነው ብዬ ራሴን ሸነገልኩ።

እንግዲህ ከቅዳሜ ወዲህ ያለውን ልንገርህ። በመጀመሪያ ያችን ሾፌር ሄጄ አገኘኋት፤ አውቶብሷን አቁማ መስታወት ስትወለውል ደረስኩ። ለምን ለቀቅሻት ብዬ ብጠይቃት፣ እየሳቀች፦ አስተማሪዋ በየቀኑ በእኔው አውቶብስ ነው ወደ ትምህርት ቤት የምትሄደው፤ ክንዷን ብሰብረው ፍሬን ስይዝ በምኗ ትደገፍ? አለችኝ። ከዚያ ኮስተር አለችና፣ ማሸነፌን እኔ አውቄዋለሁ፣ እሷም አውቃዋለች፣ ሦስተኛ ሰው ቢያውቀው ጥሩ ነበር፣ ካላወቀ ግን ምን ላድርግ ብላ መስታወቷን መወልወል ቀጠለች።

ሰኞ ቀበቶውን በፌስታል ይዤ ፌዴሬሽኑ ቢሮ ሄድኩ። ሦስት ሆነው ተቀበሉኝ። ከመሃላቸው በዕድሜ የገፉት ሴትዮ ቀበቶውን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩና፣ ከአሥራ ስምንት ዓመት በኋላ ውጤት እንዲሁ አይቀየርም አሉኝ። ይዞ መልቀቅ የለቃቂው ጉዳይ ነው፣ ደንቡ ስለ ደግነት የሚለው ነገር የለም አሉ። የተያዘው ሰው በእጁ መታ መታ አድርጎ መሸነፉን አሳይቶ ከነበረ ግን ሌላ ነገር ነው አሉ፤ መታ ካደረገ፣ ዳኛው አየም አላየም፣ ግጥሚያው እዚያው ላይ አልቋል። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይን ዓይኔን እያዩ፣ መታ አድርገህ ነበር ወይ ብለው ጠየቁኝ።

ጠረጴዛው ላይ ውሃ ነበር። ጠጣሁ። ሴትዮዋ ትንሽ ጠብቀው ቀበቶውን መለሱልኝ።

ወንድሜ፣ አሁን ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ አንተ ደግነት ነው። ነርሷ ጎረቤቴ ሳትቀር፣ እንደዚያ ያለ አዛኝ ሰው አለ ወይ ስትል ዓይኗ እንባ አቀረረ። እኔን የሚቆጠቁጠኝ ይኸው ነው። በአንድ ውሸት ፋንታ ሌላ ያማረ ውሸት አለበስኩህ። አንተ አላዘንክልኝም፤ ማድረግ ያለብህን አደረግህ። ጋሼ ሲያስተምሩን ምን ነበር የሚሉት? መታ ማለት «በቃኝ፣ አሸነፍከኝ» ማለት ነው፤ በምንጣፉም ላይ ይሁን በሰውዬው ገላ ላይ፣ ሁለት ጊዜ መታ ካለ ወዲያው ልቀቁ፣ ዳኛ አትጠብቁ አይደል? ዳኛው በስተቀኜ ነበር። ግራ እጄ ከባትህ ሥር ተደብቆ ነበር። ያ እጅ ምን እንዳለህ አንተ ታውቃለህ፣ እኔም አውቃለሁ። አንተ ስትለቀኝ፣ እኔ ምንም እንዳላልኩ ተነስቼ መፋለሜን ቀጠልኩ።

ለመሆኑ፣ ለምን አልተናገርክም? ይህን ጥያቄ አሥራ ስምንት ዓመት ተሸክሜዋለሁ። አንዳንድ ቀን፣ እኔው እስክናገር ጠብቀኸኝ ይሆናል እላለሁ። እንዲያ ከሆነ፣ የእኔ ጌታ፣ ትዕግሥትህ ከክንድህ ይብሳል።

በመጪው ቅዳሜ ነጎድጓድ ልጁን ይድራል። (ሙሽራይቱ ጆሮዋን በጥጥ እንድትደፍን መክሬያታለሁ።) ስለዚህ ከጎኔ ያለው ወንበር ባዶ ነው። አዘጋጇ ማንን እናምጣ ስትለኝ አንተን ጠራሁላት። መናገር አልችልም እንደምትል አውቃለሁ፤ ዝም በል። ምንጣፍ ላይ ያለ ትግልን እንደ አንተ የሚያይ ዓይን አላውቅም፤ ያየኸውን በክርንህ ጎሸም አድርገህ ብታሳየኝ እኔ እለፈልፈዋለሁ። ደረጃዋ አሥራ አራት ናት፤ ሁለት አንካሶች ተደጋግፈን እንወጣታለን።

ግጥሚያው ከመጀመሩ በፊት የምናገራት አንዲት ዓረፍተ ነገር አለችኝ። ባትመጣም እናገራታለሁ፤ ይህን በእማዬ አጥንት እምልልሃለሁ። ብትመጣ ግን አንተን እያየሁ ብናገራት እወዳለሁ። ከዚያ በኋላ ሥራውም ይቅር፣ ስሙም ይቅር። ጋሼ እንዳሉት ቁስል የሚድነው ሲገለጥ ነው።

ባለቤትህን በብዙ ሰላም በልልኝ። ልጆቹን ሳማቸው። ፈጣሪ ጉልበትህን ያጽናልህ፤ መጋዝህ ጣትህን ሳይነካ እንጨቱን ይቁረጥልህ፤ ትልቋን ድረህ የልጅ ልጅ ለማቀፍ ያብቃህ።

ያሸነፍከው ወንድምህ ነኝ።